የወ/ሮ በለጥሽን የማስቲካ ካርድ ደረጃ ለማውጣት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ስብሰባውን የጠራው፦ የሴቻ ላይኛው ሰፈር ጎረቤት መረዳጃ ዕድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ የሰብሳቢው ቤት በረንዳ
የተጀመረበት ሰዓት፦ በጥሪው ወረቀት መሠረት ከጠዋቱ 3፡00፤ በእጅ ሰዓት መሠረት 3፡40

በስብሰባው የተገኙ፦

1. አቶ ዘካሪያስ፣ ሰብሳቢ፤ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠርተው በጡረታ ላይ የሚገኙ
2. አቶ ዲሪባ፣ ምክትል ሰብሳቢ፤ ሙዝ ተረካቢ
3. ወ/ሮ ውብአየሁ፣ ሒሳብ ሹም፤ ልብስ ሰፊ
4. አቶ ኦይታ፣ ንብረት ክፍል፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
5. ወ/ሮ በለጥሽ፣ አባል፤ አሳ ነጋዴና የካርዱ ባለቤት
6. ወ/ሮ ሻሺቱ፣ ጸሐፊ፤ ይህንን የምጽፈው እኔ

ዘግይተው የተገኙ፦ መምህር ዕዝራ፣ አባል፤ የእንግሊዝኛ መምህር

ከሰባቱ አባላት ስድስቱ በሰዓቱ፣ ማለትም በ3፡40፣ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል። ስብሰባው በአቶ ዲሪባ ጸሎት ተከፍቷል። ጸሎቱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሙዝ ዋጋ፣ ስለ መንገዱና ስለ ታመሙ ሰዎች በየስማቸው የቀረበ ሲሆን አሥራ አራት ደቂቃ ወስዷል። ከታመሙት ሰዎች መካከል ሁለቱ ድነው ሥራ እንደጀመሩ ወ/ሮ ውብአየሁ በጸሎቱ መሐል ቀስ ብለው አሳስበዋል።

የስብሰባው ምክንያት

ሰብሳቢው ጉዳዩን ሲያብራሩ፣ ወ/ሮ በለጥሽ በታችኛው የከተማችን ክፍል በሲቀላ አሳ እንደሚሸጡ፣ በጠዋት ከሐይቅ የወጣ አሳ እስከ ቀትር ካልተሸጠ ዋጋው እንደሚወድቅ፣ ከቀትር ወዲያ ደግሞ ሽታው ራሱ ደንበኛ እንደሚያባርር፣ ስለዚህም ዲፕ ፍሪጅ በጣም እንደሚያስፈልጋቸው ገልጸዋል። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፤ የተረፈውን በርካሽ የምንገዛው እኛው ነንና።

ዲፕ ፍሪጁን ሊያስገኝላቸው ይችላል የተባለው አንድ ካርድ ነው። በ1979 ዓ.ም. በአባታቸው ግቢ ክፍል ተከራይቶ የነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ለትንሿ በለጥሽ አንድ ማስቲካ ሰጣት። ከማስቲካው ጋር የአንድ ጢማም ኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ካርድ ነበር። ማስቲካው በዚያው ቀን አለቀ። ካርዱ ግን በቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ መዝሙረ ዳዊት ላይ፣ እስከ ዛሬ ተኝቶ ኖሯል። የተጫዋቹ ስም ከፎቶው ሥር ተጽፏል፤ ኮሚቴው በአነባበቡ ሊስማማ ስላልቻለ በዚህ ቃለ ጉባኤ "ተጫዋቹ" እየተባለ ይጠራል።

ባለፈው ሳምንት መምህር ዕዝራ የካርዱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም አወጡት። አዲስ አበባ የሚኖሩ አቶ ጌዲዮን የሚባሉ አሮጌ ካርድ ሰብሳቢ አይተው ደወሉ። ለሥራ አርባ ምንጭ ስላሉ ዛሬ በ7፡00 ሰዓት ሴቻ ብቅ ብለው ካርዱን እንደሚያዩ ተናገሩ። በስልክ እንዳስረዱት፣ ውጭ አገር ሥራው የካርድ ደረጃ ማውጣት ብቻ የሆነ ካምፓኒ አለ። ካርዱን በአጉሊ መነጽር ያዩታል፤ ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጡታል፤ በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ይመልሱታል። ከዚያ በኋላ ዋጋውን የሚናገረው ተጫዋቹ ሳይሆን ነጥቡ ነው። ያው አንድ ካርድ በአራትና በስምንት መካከል እንደ አህያና እንደ መኪና ይለያያል።

ወ/ሮ በለጥሽ ይህንን በራሳቸው መንገድ ሲያስቀምጡት፣ ካርዱ ስምንትና ከዚያ በላይ ካወጣ ዲፕ ፍሪጅ ከነስታብላይዘሩ፣ አምስት ካወጣ ዲፕ ፍሪጁ ብቻ፣ ሦስት ካወጣ የፍሪጁ በር መሆኑን አስረድተዋል። ጉባኤው ይህንን የዋጋ ሠንጠረዥ ተቀብሎታል።

ሰብሳቢውም ካርዱ ውጭ አገር ተልኮ ተመልሶ እስኪመጣ ስንት አሳ እንደሚበላሽ ጠይቀው፣ "እኛ ሴቻ ላይ ዓይን የለንም ወይ?" በማለት፣ እንግዳው በ7፡00 ሲመጡ ሥራው ተጠናቅቆ እንዲጠብቃቸው የሚከተሉትን አጀንዳዎች አቅርበዋል። 1ኛ፣ የካርዱን ደረጃ ማውጣት። 2ኛ፣ ደረጃውን ማሻሻል። 3ኛ፣ ደረጃውን ሕጋዊ ማድረግ። 4ኛ፣ ካርዱን ከጉዳት መጠበቅ። 5ኛ፣ ልዩ ልዩ። አጀንዳው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ 1፦ የካርዱን ደረጃ ስለማውጣት

በሥራው ልምድ ያለው አባል ማን እንደሆነ ተጠይቆ፣ አቶ ዲሪባ ከላንቴና ከጫኖ የሚመጣ ሙዝ ለሃያ ሁለት ዓመት ደረጃ ሲያወጡ መኖራቸውን ገልጸዋል። ወ/ሮ ውብአየሁ ካርድ ሙዝ መሆኑን የሰሙት ዛሬ ገና እንደሆነ ተናግረዋል። አቶ ዲሪባ "ደረጃ ደረጃ ነው፤ የሚያየው ያው ዓይን ነው" ብለዋል። ሌላ ተወዳዳሪ ስላልቀረበ ተመርጠዋል።

በዚህ መሐል፣ 4፡05 ላይ፣ መምህር ዕዝራ የታጠፈ ወረቀት ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው ገብተዋል። ለምን እንደዘገዩ ሲጠየቁ፣ የካምፓኒውን መመሪያ ለማተም ወደ አቶ ኦይታ ፎቶ ኮፒ ቤት መሄዳቸውን፣ አቶ ኦይታ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ቤቱ ተዘግቶ ማግኘታቸውን፣ በሚኒባስ ሲቀላ ወርደው ደግሞ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር መጠበቃቸውን አስረድተዋል። አቶ ኦይታ በሰዓቱ ስብሰባ በመገኘታቸው ሊወቀሱ እንደማይገባ ተናግረዋል።

መምህር ዕዝራ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲናገሩ እንዲፈቀድላቸው ጠይቀዋል። ሰብሳቢው በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 11 መሠረት ከሩብ ሰዓት በላይ የዘገየ አባል እስከ ልዩ ልዩ አጀንዳ ድረስ የመናገርም ሆነ ድምፅ የመስጠት መብት እንደሌለው አስታውሰዋል። መምህሩ እንግዲያው ወረቀቱን ብቻ ላሳልፍ ብለው ሲጠይቁ፣ የተጻፈ ነገርም ንግግር ስለሆነ አልተፈቀደም። አንቀጽ 11ን ያረቀቁት መምህር ዕዝራ ራሳቸው መሆናቸው ለታሪክ ተመዝግቧል።

አቶ ዲሪባ ካርዱን ወደ ፀሐይ አንስተው አይተዋል፣ አሽትተዋል፣ በአውራ ጣታቸውም ጫን ጫን አድርገዋል። ወ/ሮ በለጥሽ "ኧረ አይጫኑት ጋሽ ዲሪባ፣ ገና አልበሰለም" ብለዋል። የምርመራው ውጤት እንዲህ ቀርቧል፦ መሐሉ ላይ አንድ መታጠፊያ አለው። አራቱም ማዕዘኖች ዶልዱመዋል። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ይህ ግን በሙዝ ቢሆን ነጥብ የሚያስጨምር ስለሆነ ለጊዜው ሳይቀነስበት ታልፏል። በአጠቃላይ ስድስት።

ወ/ሮ በለጥሽ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዳዊት ጋር የኖረ ካርድ እንዴት ስድስት ይባላል ብለው ተቃውመዋል። የራሳቸው የአቶ ዲሪባ ጉልበት ቢታይ ስንት እንደሚያወጣም ወ/ሮ በለጥሽ ጠይቀዋል። አቶ ዲሪባ "አራት፤ በዝናብ ጊዜ ሦስት" ብለው በትሕትና መልሰዋል። ይህ መልስ ጉባኤውን አለዝቦታል። ወ/ሮ በለጥሽ ዘጠኝ ላይ፣ አቶ ዲሪባ ስድስት ላይ ቆመው ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ፣ አቶ ኦይታ ሰባት ተኩል ይባልና ይለቅ ብለዋል። ሰብሳቢው ተኩል የሚባል ነገር በዕድሩ ታሪክ ተወስኖ እንደማያውቅ ገልጸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ካርዱ ለጊዜው ስድስት ሆኖ እንዲያዝና በሚቀጥለው አጀንዳ አሥር እንዲገባ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ደረጃውን ስለማሻሻል

መታጠፊያውን በተመለከተ ወ/ሮ ውብአየሁ የሸሚዝ ኮሌታ ከዚህ የባሰ ሆኖ ሲመጣላቸው በካውያ እንደሚያስተካክሉት ገልጸው ካውያቸውን አምጥተዋል። መብራት በመኖሩ አምላክ ተመስግኗል። መምህር ዕዝራ እጃቸውን አውጥተዋል (1ኛ ጊዜ)። በካርዱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ተደርጎ ተተኩሷል። መታጠፊያው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። የተጫዋቹ ጢም በእንፋሎቱ ምክንያት በትንሹ ወደ ግራ ሸሽቷል። አቶ ዲሪባ ነጥቡን ወደ ሰባት ከፍ አድርገዋል። ወ/ሮ በለጥሽ ጢሙን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ "ይሁን፣ ሰባት ካላችሁ" ብለዋል።

ማዕዘኖቹን በተመለከተ አቶ ዲሪባ የሙዝ ጫፉ ሲጠቁር ተቆርጦ እንደሚጣል፣ የቀረው ንጹሕ ተብሎ እንደሚጫን አብራርተዋል። የወ/ሮ ውብአየሁ መቀስ ቀርቧል። ሰብሳቢው በመዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የፋይል ጠርዝ ሲያስተካክሉ መኖራቸውን ገልጸው መቀሱን በራሳቸው ፈቃድ ተረክበዋል። መምህር ዕዝራ እጃቸውን አውጥተዋል (2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ጊዜ)።

የቀኙ ጠርዝ ሲቆረጥ ከታሰበው በላይ ገባ አለ። ሚዛን እንዲጠብቅ ግራውም ተቆረጠ። ግራው በመብለጡ ወደ ቀኙ ተመለስን። ላይና ታቹም እንዳይቀየሙ ተነኩ። በሦስተኛው ዙር ተጫዋቹ ሁለቱንም ጫማዎቹን አጥቷል። አቶ ኦይታ እርሳቸውም በወጣትነታቸው ያለ ጫማ መጫወታቸውን፣ ጎልም ማግባታቸውን ተናግረዋል። ወ/ሮ ውብአየሁ ጎሉ በየትኛው ወገን እንደገባ እንዲያብራሩ ጠይቀዋቸዋል።

ሰብሳቢው ወደ ኳሱ ሲጠጉ ወ/ሮ በለጥሽ ተነሥተው "ጋሼ፣ ኳሱን ከቆረጡት እኮ የኳስ ካርድ መሆኑ ይቀራል፤ የአንድ ጢማም ሰውዬ ፎቶ ነው የሚሆነው" ብለዋል። ኳሱ እንዲቀር በአምስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። የተቃወሙት መቀሱን የያዙት ነበሩ።

አቶ ዲሪባ አራቱንም ማዕዘኖች በጣታቸው ወግተው ሹል መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ ዘጠኝ ሰጥተዋል።

አጀንዳ 3፦ ደረጃውን ሕጋዊ ስለማድረግ

ሰብሳቢው ማህተም የሌለው ወረቀት በማንኛውም መሥሪያ ቤት ወረቀት ብቻ መሆኑን፣ ዘጠኝ ነው ብለን በአፋችን ብንምል እንግዳው ለማመን እንደሚቸገሩ አስረድተዋል። ማህተሙ የት እንዲያርፍ በሚለው ላይ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። እኔ ጸሐፊዋ በጀርባው ይሁን ብዬ ነበር። ሰብሳቢው ግን ፎቶ ያለበት ሰነድ ሁሉ ማህተሙ ግማሹ በፎቶው፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ ካላረፈ አንድ ተንኮለኛ ፎቶውን ልጦ የራሱን ሊለጥፍበት እንደሚችል አሳስበዋል። በዓለም ታዋቂ የሆነ ተጫዋች ፎቶ ተልጦ የሴቻ ሰው ፎቶ ቢለጠፍበት ማን ይጠቀማል የሚል ጥያቄ ከወ/ሮ ውብአየሁ ቀርቧል።

መምህር ዕዝራ በዚህ ጊዜ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆመዋል። ሰብሳቢው መቆም እንደ ሁለት ጊዜ እጅ ማውጣት እንደሚቆጠር ወስነዋል (5ኛና 6ኛ ጊዜ)።

ወ/ሮ በለጥሽ የመምህሩን ፊት አይተው ነገሩን ልባቸው እንዳልወደደው ገልጸው፣ "ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ እጁን ሰቅሎ ነው ያለው፤ አንዴ እንስማው፣ ዲፕ ፍሪጁ የኔ ነው" ብለዋል። ሰብሳቢው ስሜታቸውን እንደሚረዱ፣ ነገር ግን መምህሩን የመስማት ጥያቄ በአጀንዳ ያልተያዘ በመሆኑ በልዩ ልዩ እንዲያቀርቡት መክረዋቸዋል።

የማህተሙ ስፖንጅ ደርቆ በመገኘቱ ሰብሳቢው ማህተሙን አፋቸው ጋ አስጠግተው ሁለት ጊዜ ተንፍሰውበት መትተዋል። የመጀመሪያው ደብዘዝ በማለቱ ከጎኑ ሌላ ተመቷል። ቀጥሎም በሰማያዊ እስክሪብቶ "ደረጃ 10 (አሥር ብቻ)" ተብሎ በአኃዝና በፊደል ተጽፎ፣ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ በሰብሳቢው ተፈርሟል። ዘጠኙ አሥር የሆነው ማህተም ራሱ አንድ ነጥብ ስለሚጨምር ነው። ወ/ሮ በለጥሽ የተጫዋቹ ፊት የት እንደሄደ ጠይቀዋል። ከማህተሙ ሥር እንዳለና ደህና መሆኑ ተነግሯቸዋል።

አጀንዳ 4፦ ካርዱን ከጉዳት ስለመጠበቅ

አቶ ኦይታ የውጭዎቹ ካምፓኒዎች በፕላስቲክ ካሸጉ እኛም ላሚኔት ማድረግ እንደማያቅተን ገልጸዋል። የሥራው ባለቤት ራሳቸው በመሆናቸው የጥቅም ግጭት እንዳይባል በነፃ እንደሚሠሩ አስታውቀው፣ የላሚኔሽን ማሽናቸውን በባጃጅ አስመጥተዋል። ማሽኑ እስኪግል ድረስ አቶ ዲሪባ ያመጡት የጫኖ ሙዝና ኦቾሎኒ ቀርቧል። መምህር ዕዝራ ሙዝ እንዲበሉ ሲጋበዙ እንደማይወርድላቸው ተናግረዋል፤ ይህ ስለ ሙዝ ስለሆነ እንደ ንግግር አልተቆጠረባቸውም።

ካርዱ በማሽኑ ገብቶ ወጥቷል። በተጫዋቹ ጉንጭ አካባቢ አንዲት የአየር ጉብታ ቀርታለች። አቶ ዲሪባ የተጠናቀቀውን ካርድ ተረክበው ካዩ በኋላ አሥሩን አጽንተዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራቸው አሥር የሰጡት ለአንድ የጫኖ ዘለላ ብቻ እንደነበረ፣ እርሱንም የሰጡት ምሳ ተጋብዘው እንደነበረ ተናግረዋል። ጉባኤው አጨብጭቧል። ወ/ሮ በለጥሽም አጨብጭበዋል፤ ዲፕ ፍሪጁ ከነስታብላይዘሩ መጣ ብለን ነበርና።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

6፡20 ላይ ለመምህር ዕዝራ የመናገር ዕድል ተሰጥቷል። መምህሩ ተነሥተው ወረቀታቸውን ዘርግተው፣ በ4፡05 ሊናገሩት የነበረው ዓረፍተ ነገር "እባካችሁ ካርዱን ማንም እንዳይነካው" የሚል እንደነበረ አስታውቀዋል።

ቀጥለውም መመሪያውን ወደ አማርኛ እየመለሱ አንብበዋል። የተተኮሰ ካርድ ነጥብ አይሰጠውም። ጠርዙ የተቆረጠ ነጥብ አይሰጠውም። የተጻፈበት ነጥቡ ይወድቃል፤ በላሚኔሽን የታሸገ ደግሞ ከነጭራሹ አይታይም። ካምፓኒው የሚያየው ካርዱ ምን ያህል ሳይነካ እንደኖረ ነው፤ ሥራው ማየት እንጂ ማስተካከል አይደለም። አቶ ዲሪባ "የጠቆረውን ጫፍስ ምን ያደርጉታል?" ብለው ጠይቀዋል። መምህሩ "እንዳለ ይተዉታል" ብለዋል። አቶ ዲሪባ ይህ አሠራር ሊገባቸው እንዳልቻለ ተናግረው ተቀምጠዋል።

ወዲያው አቶ ጌዲዮን ለመምህሩ ደውለዋል። መምህር ዕዝራ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው አዲስ ያነሱትን የካርዱን ፎቶ ላኩላቸው። አቶ ጌዲዮን ጥቂት ቆይተው "ይሄ የማን መታወቂያ ነው?" ብለው ጠየቁ። ነገሩ ከተብራራላቸው በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት ባዩት ፎቶ ከነመታጠፊያው አምስት እንደሚያወጣ ገምተው፣ እንዳለ ሊወስዱት ገንዘቡን ይዘው እየመጡ እንደነበረ ተናገሩ። አሁን ግን መምጣት እንደማያስፈልጋቸው ገልጸው፣ መልካም ቅዳሜ ተመኝተውልን ዘግተዋል።

ካርዱን ወደነበረበት ለመመለስ የሚከተለው ተሞክሯል። የተቆረጡት ጠርዞች ከወለሉ ተለቅመዋል፤ ከተገኙት ስምንት ቁራጮች ሦስቱ የኦቾሎኒ ልጣጭ ሆነው ተገኝተዋል። ማህተሙን በሎሚ የማጥፋት ሐሳብ ቀርቦ፣ ማህተሙ ከፕላስቲኩ ሥር በመሆኑ ወድቋል። አቶ ኦይታ ማሽኑ ወደ ኋላ ይሄድ እንደሆነ ተጠይቀው፣ ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ የሚመልሰው ግን ያንኑ ካርድ እንደሆነ አስረድተዋል።

ወ/ሮ በለጥሽ አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። "እኔ እኮ ደረጃ አልጠየቅኋችሁም። ፍሪጅ ነው የጠየቅኋችሁ። አሁን ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የዛሬው አሳ ሲቀላ በሳፋ ተቀምጦ ይጠብቀኛል" ብለዋል። በቃለ ጉባኤው ላይ ከዚህ የሚበልጥ ቃል አልጻፍኩም።

ወ/ሮ ውብአየሁ ካውያውን የያዙት እርሳቸው ስለሆኑ መጀመሪያ ራሳቸውን ወቅሰው፣ ያበላሸ ይተካ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው ኮሚቴ በቅን ልቦና ለወሰነው ነገር እንደማይጠየቅ በደንቡ አንቀጽ 19 እንደተጻፈ ገልጸዋል። አንቀጹ ይነበብ ተብሏል። ሰብሳቢውም ደንቡን ከመዝገብ ቤቱ ለማምጣት ወደ ጓዳ ገብተዋል።

በመቆየታቸው ወ/ሮ በለጥሽ ተከትለዋቸው ገብተዋል። ቀጥሎ የሰማነው የወ/ሮ በለጥሽን ድምፅ ነው፤ "ሁላችሁም ኑ" ብለው ተጣርተዋል። ስብሰባው ወደ ጓዳ ተዛውሯል።

የዕድሩ መዝገብ ቤት ዲፕ ፍሪጅ ሆኖ ተገኝቷል። ነጭ ነው፣ ባለ ሁለት በር ነው፣ የፋብሪካ ፕላስቲኩ ገና አልተላጠም። ውስጡ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ቃለ ጉባኤ ሁሉ በየዓመቱ ታስሮ ተደርድሯል። የእኔም ጽሑፎች በንጽሕና ተቀምጠው በማየቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኛል። ሰብሳቢው ፍሪጁን ልጃቸው ኢየሩስ ከአራት ዓመት በፊት እንደላከችላቸው፣ መብራት ይበላል ብለው አንድም ቀን እንዳልሰኩት፣ አይጥም ውሃም ስለማይገባውና ቁልፍ ስላለው ለሰነድ ከዚህ የተሻለ ነገር እንደሌለ አስረድተዋል። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ወ/ሮ በለጥሽ ፍሪጅ አብረውን ሲጸልዩ እንደነበር ወ/ሮ ውብአየሁ አስታውሰዋቸዋል። ሰብሳቢው ጸሎቱ ስለ ሌላ ፍሪጅ እንደነበረ ገልጸዋል።

አቶ ዲሪባ ፍሪጁን ዙሪያውን ዞረው፣ በሩን ከፍተው ዘግተው፣ ማዕዘኖቹን ነክተው "አሥር፤ ያልተነካ" ብለዋል። መምህር ዕዝራም ካምፓኒው የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው ብለው አረጋግጠዋል።

በዚህ ጊዜ ወ/ሮ በለጥሽ ካርዱን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰብሳቢው ፊት አስቀምጠዋል። በጉባኤው በጸደቀው የዋጋ ሠንጠረዥ መሠረት ስምንትና ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ አንድ ዲፕ ፍሪጅ ከነስታብላይዘሩ መሆኑን፣ ይህ ካርድ ደግሞ በአኃዝና በፊደል አሥር መሆኑን፣ ማህተምም ፊርማም እንዳለው አመልክተው፣ በልውውጥ እንዲወስዱት ጠይቀዋል። ስታብላይዘሩን ስለ ጉርብትና ምረዋል። ሰብሳቢው ካርዱ ዋጋ እንደሌለው ሁላችንም በጆሯችን እንደሰማን ተናግረዋል። ወ/ሮ በለጥሽ "ታዲያ ጋሼ፣ ማህተሙ ሐሰት ነው እያሉኝ ነው?" ብለዋል።

ሰብሳቢው በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው የሐሰት ማህተም መትተው እንደማያውቁ በቁጣ ገልጸዋል። ይህም ቃል በቃል ተመዝግቧል።

ልውውጡ በስድስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ቃለ ጉባኤዎቹ ተነሥተው በሰብሳቢው አልጋ ሥር እንዲቀመጡ ተደርጓል። አቶ ኦይታ ባለጭነት ባጃጅ ጠርተው፣ ፍሪጁን ከነፕላስቲኩ ጭነው፣ ቁልቁል ወደ ሲቀላ ይዘውት ወርደዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

7፡50 ላይ ሰብሳቢው ከጓዳ ተመልሰው በረንዳው ላይ ለብቻቸው ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ፣ አንድ የመጨረሻ የውሳኔ ሐሳብ እንዳላቸው ገልጸዋል። የዛሬው ስብሰባ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተሳሳተ ስለሆነ፣ በዚህ ቀን የተወሰነው ሁሉ፣ ማለትም የካርዱ ስድስትም ሰባትም ዘጠኝም አሥርም፣ መተኮሱ፣ መቆረጡ፣ ማህተሙ፣ ላሚኔሽኑና በጓዳ የተደረገው ልውውጥ፣ አንድም ሳይቀር እንዲሻርና ሁሉም ነገር ከ3፡40 በፊት ወደነበረበት እንዲመለስ ጠይቀዋል። "ሁሉም ነገር" የሚለውን ሁለት ጊዜ እንድጽፈው አሳስበውኛል። ሁሉም ነገር።

የሁላችንም ዓይን ወደ ወ/ሮ በለጥሽ ዞሯል። ወ/ሮ በለጥሽ ግን ሐሳቡን በሙሉ ልብ እንደሚደግፉ ገልጸው እጃቸውን ከሁሉ ቀድመው አውጥተዋል። ድምፅ እየተሰጠ ሳለ አቶ ኦይታ ከሲቀላ ደውለው ፍሪጁ እንደተሰካ፣ ድምፁም እንደማይሰማ፣ የሳፋው አሳ ሁሉ እንደገባና ግማሽ ፍሪጅ ቦታ እንደተረፈ ነግረውናል። እርሳቸውም በስልክ ደግፈዋል።

በዚህም መሠረት በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል።

ሰብሳቢው እንግዲህ ፍሪጁ መቼ እንደሚመለስ ጠይቀዋል። ወ/ሮ በለጥሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ "ውሳኔው እኮ ሁሉም ነገር ነው የሚለው ጋሼ። መጀመሪያ የተቆረጠው መጀመሪያ ይመለስ። የተጫዋቹ ጫማ በእግሩ የገባ ዕለት ይደውሉልኝ፣ ፍሪጁን ራሴ አሸክሜ አመጣዋለሁ" ብለዋል።

ስብሰባው በአቶ ዲሪባ አጭር ጸሎት 8፡25 ላይ ተፈጽሟል።

ጸሐፊ፦ ሻሺቱ (ፊርማ)
ሰብሳቢ፦ ዘካሪያስ (ሳይፈርሙ ገብተው ተኝተዋል)